ሞተርሆም ከመግዛታችሁና ከመንዳታችሁ በፊት፦ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

አዲስ የሞተርሆም (መኖሪያ ቤት የተሠራበት መኪና) ባለቤት ብዙ ጊዜ የሚከስረው በሞተሩ አይደለም። አልጋውን፣ ወጥ ቤቱንና ቴሌቪዥኑን አይቶ ይፈርማል፤ በኋላ ኪሱን የሚያራግፉት ግን ክብደት፣ በጣሪያ የገባ ውኃና ኤሌክትሪክ ናቸው። ሦስቱንም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ማወቅ ትችላላችሁ። ሕጉና ዋጋው የአሜሪካ ነው፤ የመንገድ ምሳሌዎቹ ደግሞ ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ አካባቢ የተወሰዱ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ዓይነቱን ለዩ፣ ከዚያ ተከራዩ

ሦስት ዓይነት አለ።

ክላስ ኤ የአውቶቡስ ቅርጽ ያለው ትልቁ ነው። ሰፊ ነው፤ ነገር ግን የቤንዚኑ በአንድ ጋሎን ከ6 እስከ 9 ማይል ቢሄድ ነው፤ ተራ ጋራዥም አያስገባውም።

ክላስ ቢ በራም ፕሮማስተር፣ በፎርድ ትራንዚት ወይም በመርሴዲስ ስፕሪንተር ቫን ውስጥ የተሠራ ነው። ለመንዳት ቀላል ነው። ለባልና ሚስት ይበቃል፣ ለቤተሰብ አይበቃም፤ ጠባብነቱ ሳያንስ ዋጋውም አይቀመስም።

ክላስ ሲ አብዛኛውን ጊዜ በፎርድ ኢ-350 ወይም ኢ-450 ሻንሲ ላይ የሚሠራ፣ ከሾፌሩ በላይ አልጋ ያለው ነው። በጋሎን ከ8 እስከ 10 ማይል ይሄዳል።

ልጆች ላሉት ጀማሪ ከ24 እስከ 28 ጫማ የሚረዝም፣ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ያገለገለ ክላስ ሲ እንዲገዛ እንመክራለን። አዲሱ ዋጋው በፍጥነት የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። የፋብሪካ ግድፈቱንም፣ የሚያንጠባጥብ መጋጠሚያውንና የማይገጥም በሩን፣ ሲያስጠግን የሚከርመው የመጀመሪያው ባለቤት ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ያሰባችሁትን ዓይነትና ርዝመት ለሁለት ሌሊት ተከራዩ። ክሩዝ አሜሪካ የራሱን መኪኖች ያከራያል፤ በአርቪሼርና በአውትዶርዚ ደግሞ የግለሰቦችን ማግኘት ይቻላል። በተከራያችሁት ገላችሁን ታጠቡ፣ ወጥ ሥሩ፣ ቆሻሻውን ራሳችሁ ድፉ። ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ሐሳባችሁን የምትቀይሩ ከሆነ የወጣው የኪራይ ብር ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ማስታወቂያው “8 ሰው ያስተኛል” ሲል 8 ሰው ይጓዝበታል ማለት አይደለም። ቀበቶ ያላቸውን መቀመጫዎች ቁጠሩ። የልጅ መቀመጫ ፊቱን ወደ ጎን ባዞረ ሶፋ ላይ አይታሰርም። ዘመድ አዝማድ ጭናችሁ ከኋላ አልጋ ላይ እያስቀመጣችሁ ለመንዳት አታስቡ።

ደረጃ 2፦ ክብደቱን በወረቀት ላይ አስሉ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው በሀይዌይ ላይ ጎማ ያፈነዳል።

1. በመግቢያው በር ወይም በሾፌሩ በር አጠገብ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፈልጉ። የሰውና የዕቃ ድምር ክብደት ከስንት ፓውንድ ማለፍ እንደሌለበት፣ ቀበቶ ያላቸው መቀመጫዎችም ስንት እንደሆኑ ይናገራል። ሻጩ በቃል የሚነግራችሁን ሳይሆን ይህን ቁጥር ያዙ።

2. የሁሉንም ተጓዥ ክብደት ደምሩ።

3. ውኃውን ጨምሩ። አንድ ጋሎን ውኃ 8.3 ፓውንድ ነው፤ 40 ጋሎን የሚይዝ ታንከር ሲሞላ 332 ፓውንድ ይመዝናል።

4. ድምሩን ከተለጠፈው ቁጥር ላይ ቀንሱ።

ለምሳሌ፦ የተለጠፈው ጽሑፍ 1,400 ፓውንድ ይላል እንበል። አምስት ሰው 750፣ ውኃ 332። የቀረው 318 ፓውንድ ነው። ከዚህ ላይ ምግብ፣ ልብስ፣ ወንበር፣ ብስክሌት፣ መሣሪያ፣ ምጣዱ ሁሉ ይጫናል። አይበቃም። መፍትሔው ውኃውን በሩብ ታንከር ይዞ መሄድና መድረሻ ላይ መሙላት ነው። በዚህም የማይበቃ ከሆነ ያ መኪና ለእናንተ አይሆንም፤ ሌላ ፈልጉ። በተለይ ረጃጅሞቹ ክላስ ሲ በዚህ ያታልላሉ፦ የኢ-450 ከፍተኛው ሙሉ ክብደት 14,500 ፓውንድ ነው፤ ቤቱ በረዘመ ቁጥር ለእናንተ የሚተርፈው ያንሳል።

ከገዛችሁ በኋላ ዕቃውን፣ ሰዉንና ነዳጁን ሞልታችሁ ትራኮች ወደሚመዘኑበት ካት ስኬል ሂዱ። በትልልቅ የትራክ ማደያዎች አለ፣ ዋጋው ከ20 ዶላር ብዙም አያልፍም። የፊት ጎማ በመጀመሪያው ሰሌዳ፣ የኋላው በሁለተኛው ላይ ይቁም፤ የሱቁን ሠራተኞች በድምፅ ማጉያው ጥሯቸውና የመጀመሪያ ምዘና እንደሆነ ንገሯቸው፤ ወረቀቱን ከሱቁ ውሰዱ። የእያንዳንዱን አክስል (የፊትና የኋላ ጎማ ዘንግ) ክብደት ከተለጠፈው ጋር አስተያዩ። ድምሩ ልክ ሆኖ የኋላው ብቻ ካለፈ ከባድ ዕቃዎችን ከኋላ ሣጥን አውጥታችሁ ከኋላ አክስል ወደፊት አምጡ፤ ከዚያ እንደገና መዝኑ።

ደረጃ 3፦ ውኃ ገብቶ እንደሆነ ፈልጉ

የሞተርሆም ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ስስ እንጨት፣ ፎምና ፋይበርግላስ ተጣብቀው የተሠራ ነው። በጣሪያው ስፌት የገባ ውኃ ውስጥ ለውስጥ እንጨቱን ያበሰብሳል። ጥገናው ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ቢቻል ዝናብ በጣለ ማግስት ሄዳችሁ እዩ።

ከውጭ፦

1. ከማዕዘኑ ቆማችሁ ግድግዳውን በርዝመቱ አግድም ተመልከቱ። እንደ ሞገድ የሚወጣና የሚገባ ወይም ያበጠ ቦታ ካለ ሽፋኑ ከእንጨቱ ተላቋል ማለት ነው። ድርድር ውስጥ አትግቡ፣ ጥላችሁት ሂዱ።

2. በመሰላል ጣሪያው ላይ ውጡ። በአየር ማስወጫዎቹ፣ በአንቴናውና በጣሪያው ጠርዝ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ተሰነጣጥቆ ወይም ተላጦ እንደሆነ እዩ። አዲስ ማሸጊያ በአንድ ቦታ ብቻ ተደፍቶ ካያችሁ ያ ቦታ አፍስሶ ነበር፤ ከታቹ ያለውን ኮርኒስ በተለይ ፈትሹ።

ከውስጥ፦

1. ገና በሩ ሲከፈት አሽትቱ። የሻጋታ ሽታ ወይም ከልክ በላይ የሆነ የሽቶ መዓዛ ሁለቱም መጥፎ ምልክት ነው።

2. ክላስ ሲ ከሆነ ከሾፌሩ በላይ ካለው አልጋ ጀምሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው እዚያ ነው። ፍራሹን አንሡ፣ ማዕዘኖቹን በአውራ ጣት ግፉ። የሚሰረጉድ ከሆነ በስብሷል።

3. በየቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ በየመስኮቱ ሥር፣ በእቃ ማጠቢያው ታችና በሻወሩ ጀርባ በባትሪ መብራት እዩ።

4. በባዶ እግር በወለሉ ላይ ሂዱ። በጫማ የማይታወቀው ልስላሴ በእግር ይታወቃል።

5. ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ሹል ጥርስ ያለው የእርጥበት መለኪያ ግዙ። መጀመሪያ ደረቅ መሆኑን የምታምኑበትን ቦታ ለኩ፤ ከዚያ ማዕዘኖቹን። ከ20 በመቶ በላይ ካሳየ ውኃ አለ።

ሻጩ “ድሮ ነው፣ ተጠግኗል” ካለ የጥገናውን ደረሰኝ ይጠየቅ። ደረሰኝ ከሌለ አልተጠገነም ብላችሁ አስሉ።

ደረጃ 4፦ ሁሉንም በሥራ ላይ እዩ

ለሻጩ ቀድማችሁ ሁለት ነገር ንገሩት፦ ሞተሩን ሳያስነሳ እንዲጠብቃችሁ፣ ፍሪጁን ግን ከማታው እንዲያበራው። በፕሮፔንም (በማብሰያ ጋዝም) የሚሠራው ፍሪጅ ለመቀዝቀዝ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። ስትደርሱ ኮፈኑን ዳስሱ፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ ብርድ ላይ አልነሣም የሚል ሞተር ሊሆን ይችላል።

ጎማ። የጎማው ጥርስ ጥልቅ ስለሆነ ብቻ አትመኑ፤ ሞተርሆም ቆሞ ስለሚውል ጎማው የሚያልቀው በዕድሜ ነው። በጎኑ ላይ ዲ፣ ኦ፣ ቲ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች አንብቡ። 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ከስድስት ዓመት ካለፈ የስድስቱንም ጎማ ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ አስቀንሱ። መንትያውን የውስጥ ጎማም ማየት አትርሱ፤ ቁጥሩ ወደ ውስጥ የዞረ ከሆነ ከሥር ግቡ።

ጄኔሬተር። አስነሡት፣ ኤርኮንዲሽነሩን አብሩበት፣ ለሃያ ደቂቃ ይሥራ። ሰዓት መቁጠሪያውን እዩ። አሥር ዓመት ሆኖት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሠራ ጄኔሬተር እንደ ሀብት ይቀርብላችኋል፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ሳይሠራ የከረመ ካርቡሬተር በአሮጌ ቤንዚን ይደፈናል።

ባትሪ። ከማንኛውም ኃይል ነቅላችሁ በመለኪያ ለኩ። 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፤ 12.2 አካባቢ ግማሽ። ተራ የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ደጋግሞ ከወረደ ይሞታል።

ውኃ ማሞቂያ። በመጀመሪያ ታንኩ ውኃ እንዳለው አረጋግጡ፦ የሙቅ ውኃ ቧንቧ ከፍታችሁ ያለ አየር መፍሰሱን እዩ። ባዶ ማሞቂያ በኤሌክትሪክ ቢበራ የማሞቂያው ዘንግ ወዲያውኑ ይቃጠላል። የብዙ ጀማሪ የመጀመሪያ ጥገና ይኸው ነው።

ፕሮፔን። መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውኃ ቀቡ፤ አረፋ ካወጣ ያፈሳል። ወለሉ አጠገብ ያለው የጋዝ ማስጠንቀቂያ ከጀርባው የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል፤ ካለፈ ለውጡት። ዝቅ ብሎ የተገጠመው ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድና መሬት ላይ ስለሚተኛ ነው። የጢስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያዎቹንም ተጭናችሁ አስጩኹ።

ስላይድ፣ ማለትም ወደ ውጭ የሚወጣው ግድግዳ ካለው፣ ሁለት ጊዜ አስወጡና አስገቡ። አንዱ ጫፍ የሚቀድም ወይም የሚያንቋርር ከሆነ ሐዲዱ ተጣሟል።

ይህን ሁሉ ራሳችሁ ካያችሁ በኋላም ከ30,000 ዶላር በላይ የምትከፍሉ ከሆነ በብሔራዊው የመዝናኛ ተሽከርካሪ መርማሪዎች ማኅበር የተመሰከረለት ሰው ቅጠሩ። መርማሪውን እናንተ ምረጡ፤ ሻጩ “የማውቀው ልጅ አለ” ካለ አመስግናችሁ እለፉት።

ደረጃ 5፦ ወረቀቱን ጨርሱ

የሻንሲውን ቁጥር በኤንኤችቲኤስኤ (የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ አስገብታችሁ ያልተሠራ የፋብሪካ ጥሪ (ግድፈት ለማስጠገን የሚደረግ ሪኮል) ካለ እዩ። ሻንሲውን የሠራውና ቤቱን የሠራው ሁለት ኩባንያ ስለሆኑ በቤቱ ምርት ስምና ዓመት ለብቻው ፈልጉ። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ የጎርፍ ወይም የአደጋ ምልክት ካለ አትግዙ።

የመኪና ኢንሹራንሳችሁ አይበቃም። የሞተርሆም ፖሊሲ ግዙ፤ ትልቅ መኪና የሚጎትት የመንገድ ዕርዳታ እንዳለበትም አረጋግጡ፤ ተራው መጎተቻ አይችለውም።

ሙሉ ክብደቱ ከ26,000 ፓውንድ የማያልፍ ሞተርሆም በመደበኛ መንጃ ፈቃድ ይነዳል። ካለፈ እንደየስቴቱ ይለያያልና ዲኤምቪን ጠይቁ።

የት እንደምታቆሙትም ከመፈረማችሁ በፊት ወስኑ። ሰፈራችሁ ኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ካለው ደጃችሁ ላይ ማቆም ሊከለክል ይችላል፤ የማቆሚያ ኪራይ በየወሩ የሚወጣ ነው።

ደረጃ 6፦ ባዶ ሜዳ ላይ ተለማመዱ

እሁድ ጠዋት ባዶ የሆነ ሰፊ ፓርኪንግ ፈልጉ። አንድ ረዳትና አራት ኮን ይበቃል።

1. ጭራውን ለኩ። መኪናውን ከፓርኪንጉ መስመር ጋር ጎኑን አስተካክላችሁ አቁሙ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ጎን አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ረዳቱ የኋላው ጥግ መስመሩን ስንት ጫማ አልፎ እንደወጣ ይለካ። ወደ ቀኝ ስታዞሩ ጭራው ወደ ግራ ይወጣል፤ ማደያ ላይ ምሰሶ የሚመታው በዚህ ነው።

2. መታጠፊያውን ልመዱ። የኋላ ጎማ የታጠፈውን ጥግ ሲያገኝ እንጂ ቀድማችሁ አታዙሩ። በስፖኪዮ የኋላ ጎማውን እያያችሁ እጠፉ።

3. ወደ ኋላ ሂዱ። ረዳቱ በሾፌሩ በኩል ከኋላ ይቁም፣ ስልክ ክፈቱ። ረዳቱ በስፖኪዮ ከጠፋባችሁ በዚያው ቅጽበት ቁሙ። ከተጠራጠራችሁ ውረዱና እዩ። የትራክ ሾፌሮቻችን ይህን ያውቁታል፤ ግን ትራክ የለመደ ሰውም ከኋላ ጎማ ወዲያ አሥር ጫማ የሚተርፍ ጭራ ለምዶ ላይሆን ይችላል፤ እሱም ይለማመድ።

4. ፍሬኑን ሞክሩ። ከ30 ማይል ፍጥነት ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ቁሙ። የሚወድቀውንና የሚከፈተውን ሁሉ እዚህ ታውቁታላችሁ፦ ሣጥን፣ ፍሪጅ፣ ድስት።

በሀይዌይ ላይ ከ60 እስከ 65 ማይል ይበቃል። ከፊታችሁ ያለው ክፍተት ቢያንስ በቤት አውቶሞቢላችሁ ስትነዱ ከምትተዉት እጥፍ ይሁን። ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ማርሹን ዝቅ አድርጉ፤ ፎርድ ላይ የመጎተቻውን ቁልፍ ተጫኑ። ፍሬኑን ረግጣችሁ አትቆዩ፦ ጠበቅ አድርጋችሁ ከምትፈልጉት ፍጥነት 5 ማይል ዝቅ ካላችሁ በኋላ ልቀቁ፣ ሲጨምር ድገሙ። ያለማቋረጥ የተረገጠ ፍሬን ይግላል፣ ከዚያ አይዝም። የጎማ ወይም የፍሬን ቃጠሎ ከሸተታችሁ ሰፊ ቦታ ላይ ቁሙ፤ እስኪቀዘቅዝ አትነሡ።

ጎማ ቢፈነዳ፦ ፍሬን አትርገጡ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ነዳጅ መስጫውን ለአፍታ እንደረገጣችሁ ቆዩ፣ መኪናው ሲረጋ እግራችሁን ቀስ በቀስ አንሡና ዳር ያዙ።

ደረጃ 7፦ መንገዱን በቁመትና በፕሮፔን ምረጡ

ከመሬት እስከ ጣሪያው ኤርኮንዲሽነር አናት በሜትሮ ለኩ። ጥቂት ኢንች ጨምራችሁ ቁጥሩን በትልቁ ጽፋችሁ ከመሪው ፊት ለጥፉ። የተለመደው የስልክ ካርታ የመኪናችሁን ቁመት አይጠይቅም፤ ቁመት የሚቀበል የአርቪ (የሞተርሆምና የመሰሎቹ) ወይም የትራክ ካርታ ተጠቀሙ።

በአካባቢያችን ጀማሪ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች፦

ባልቲሞር። በአይ-95 ላይ ያለው የፎርት ማክሄንሪ ቱኔልና በአይ-895 ላይ ያለው የሃርበር ቱኔል ፕሮፔን የያዘ ሞተርሆም አያሳልፉም። ጋዙን መዝጋት ብቻ አይበቃም። ድሮ ሰው በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ይዞር ነበር፤ ድልድዩ እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2024 ተደርምሷል። አሁን ወደ ፊላደልፊያና ኒውዮርክ ስትሄዱ ከባልቲሞር በፊት በአይ-695 ወደ ምዕራብ፣ በታውሰን በኩል ዙሩና ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ አይ-95ን መልሳችሁ ያዙ።

ኒውዮርክና ኮኔክቲከት። ፓርክዌይ የሚል ስም ያለውን መንገድ ሁሉ ሽሹ፤ ድልድዮቹ ዝቅተኛ ናቸው። በሊንከንና በሆላንድ ቱኔሎችም ፕሮፔን አይገባም።

ሸናንዶአ። ስካይላይን ድራይቭ ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ቱኔል ቁመቱ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ብዙ ክላስ ኤ ይነካዋል። ከፍ ያለ መኪና ያለው ከቱኔሉ ማዶ በሌላ በር ይግባ። የፓርኩ ካምፖች የኤሌክትሪክና የውኃ መሰኪያ የላቸውም፤ ባትሪና ውኃ ሞልታችሁ ሂዱ።

ደረጃ 8፦ ካምፕ ደርሳችሁ ኤሌክትሪክ ስትሰኩ

መጀመሪያ መኪናውን አስተካክላችሁ አቁሙ። የሚያዘነብል መኪና ላይ የሚሠራ የፕሮፔን ፍሪጅ ይበላሻል። ጎማው ሥር ታኮ አድርጉ። ስላይዱን ከዚያ በኋላ አስወጡ። ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ፦

1. የካምፑ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ያለውን ብሬከር አጥፉ።

2. የቮልቴጅ መጠበቂያውን ብቻ ሰኩ። ለአርቪ የተሠራውን፣ ዝቅተኛ ቮልት ሲያይ የሚያቋርጠውን ዓይነት ግዙ፤ ርካሹ የመብረቅ መከላከያ ይህን አያደርግም።

3. ብሬከሩን አብሩ፣ ንባቡን ጠብቁ። ከ110 እስከ 125 ቮልት ጥሩ ነው። ከ105 በታች ከሆነ ኤርኮንዲሽነር አታብሩ፤ ኮምፕረሰሩ ይቃጠላል። ሌላ ቦታ ጠይቁ።

4. ብሬከሩን አጥፉ፣ ኬብሉን ሰኩ፣ መልሳችሁ አብሩ።

30 አምፒር ያለው መኪና ባለ ሦስት ጥርስ ሲሆን የሚያገኘው በጠቅላላ 3,600 ዋት ነው። 50 አምፒር ያለው ባለ አራት ጥርስ ሲሆን 12,000 ዋት ያገኛል። ልዩነቱ ቁጥሮቹ ከሚመስሉት በላይ ነው።

አሁን ወደ ምጣድ። ብዙው የኤሌክትሪክ ምጣድ 1,500 ዋት አካባቢ ይስባል፤ በ120 ቮልት 12.5 አምፒር ነው። አንድ ኤርኮንዲሽነር 13 ወይም 14 ሲጨመርበት 25 አለፈ፤ የባትሪ ቻርጀሩና ፍሪጁ ሲታከሉ 30 ሞላ፣ ብሬከሩ ወረደ። ስለዚህ በ30 አምፒር ላይ እንጀራ ስትጋግሩ ኤርኮንዲሽነሩን፣ ማይክሮዌቩንና የውኃ ማሞቂያውን ኤሌክትሪክ አጥፉ። ምጣዱን በቀጭን ማራዘሚያ አትሰኩ፤ ገመዱ ይግላል። ምጣዱ ብቻውን ተሰክቶም የሚያቋርጥ ከሆነ የሶኬቱ ብሬከር 15 አምፒር ነው፤ ሌላ ነገር በዚያው መስመር ላይ አለ ማለት ነው፤ ፈልጋችሁ ንቀሉት።

ከሰል ውስጥ አይገባም። በር ተከፍቶም ቢሆን። ቡናውን በውጭ አፍሉ፣ ወይም በፕሮፔኑ ምድጃ ላይ መስኮትና ማራገቢያ ከፍታችሁ። ዕጣንም በውጭ ይጨስ፤ የጢስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ ብሎ ባትሪውን የሚነቅል ሰው አይጠፋምና።

ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ የ30 አምፒር መሰኪያ ስታስገቡ ኤሌክትሪሺያኑ ሦስት ጥርስ አይቶ የልብስ ማድረቂያ መስሎት 240 ቮልት ሊያገናኘው ይችላል። ይህ ደጋግሞ የሚሆን ስህተት ነው፤ ሲሰካ የመኪናውን ዕቃዎች በአንድ ጊዜ ያቃጥላል። 120 ቮልት መሆን እንዳለበት በጽሑፍ ስጡት፤ ከሠራ በኋላም በመለኪያ ሳትለኩ አትሰኩ።

ደረጃ 9፦ ውኃ

በመጀመሪያው ጉዞ ዋዜማ ታንከሩን አጽዱ። ለያንዳንዱ 15 ጋሎን ሩብ ኩባያ ሽታ የሌለው በረኪና በውኃ በጥብጡና ጨምሩ፣ ታንከሩን ሙሉ፣ እያንዳንዱን ቧንቧ የበረኪና ሽታ እስኪመጣ ክፈቱ፣ 12 ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ ድፉና ሽታው እስኪጠፋ በንጹሕ ውኃ አጥቡ።

ካምፕ ላይ የግፊት መቀነሻውን ከቧንቧው አፍ ላይ አስራችሁ ከዚያ የመጠጥ ውኃ ቱቦውን ቀጥሉ። ከ45 እስከ 50 ፒኤስአይ ይበቃል። ያለ መቀነሻ የሰካ ሰው ሌሊት በግድግዳ ውስጥ መጋጠሚያው ሊፈነዳበት ይችላል። ለጉብኝት ስትወጡ ውኃውን ከምንጩ ዝጉ።

ደረጃ 10፦ ቆሻሻውን መድፋት

ሁለት የቆሻሻ ታንከር አለ። ጥቁሩ የሽንት ቤት ነው፣ ግራጫው የእጅ፣ የሻወርና የዕቃ ማጠቢያ።

ከመጠቀማችሁ በፊት ጥቁሩ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጋሎን ውኃና የታንከር መድኃኒት ጨምሩ። የጥቁሩ ቫልቭ ሁልጊዜ ዝግ ይሁን። ቱቦው እንደተገናኘ ክፍት የሚተው ሰው ፈሳሹ ብቻ እየወጣ ጠጣሩ ተከምሮ ይደርቅበታል። ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ ብቻ ድፉ፤ በግፊት የሚወርደው ይጠራርገዋል።

1. ጓንት አድርጉ። ቱቦውን መጀመሪያ ከመሬቱ ቀዳዳ ጋር፣ ቀጥሎ ከመኪናው ጋር እሰሩ፣ ገፋ ገፋ አድርጋችሁ አረጋግጡ።

2. ጥቁሩን ክፈቱ። ድምፁ እስኪቆም ጠብቁ፣ ዝጉ።

3. ግራጫውን ክፈቱ። የሳሙናው ውኃ ቱቦውን ያጥባል። ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ።

4. ሁለቱንም ዝጉ፣ ቱቦውን ከመኪናው በኩል ፍቱ፣ ከፍ አድርጋችሁ አፍስሱ፣ አጥቡ። ለዚህ የሚሆነው የማጠቢያ ቱቦ ለብቻው ይቀመጥ፤ ከመጠጥ ውኃው ቱቦ ጋር በአንድ ሣጥን አታስቀምጡ።

ከተደፈነ፦ ታንከሩን በለብ ያለ ውኃ እስከ ግማሽ ሙሉ፣ መድኃኒት እጥፍ ጨምሩ፣ ሌሊቱን ይቆይ፤ ቢቻል ጥቂት ማይል ንዱትና ይናወጥ። የፈላ ውኃ አትጨምሩ። አሁንም ካልወረደ በሽንት ቤቱ በኩል የሚገባ የግፊት ውኃ ዘንግ ግዙ። መንስኤው ብዙ ጊዜ ወረቀትና የውኃ ቁጠባ ነው። በውኃ የሚታጠብ ቤተሰብ ይህ ችግር ብዙም አይገጥመውም፤ እርጥብ ማበሻ ግን፣ በማሸጊያው ላይ ምንም ቢጻፍ፣ አይጣልም።

የወጥ ቅባት ወደ ግራጫው አይፍሰስ። ቂቤና ዘይቱ በታንከሩ ግድግዳ ላይ ይረጋና መለኪያውን ሁልጊዜ ሙሉ ያስመስለዋል፣ ሽታውም ለሳምንት አይለቅም። ድስቱን በወረቀት ጠርጋችሁ ከዚያ እጠቡ።

ደረጃ 11፦ ከመነሣታችሁ በፊት

ይህን ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይሥራው፤ ሲሠራም አታናግሩት። አንቴና ይውረድ፣ የጣሪያ መስኮቶች ይዘጉ፣ የጥላ ድንኳኑ ይጠቅለል፣ ስላይድ ይግባ፣ ክሪክ ይነሣ፣ ደረጃው ይታጠፍ። የምሰሶው ብሬከር ይጥፋ፣ ኬብል ይነቀል፣ ውኃ ይፈታ፣ የፕሮፔኑ ዋና ቫልቭ ይዘጋ። ታኮው ይነሣ። ጎማ ሁሉ ገና ሳይሞቅ ይለካ። በመጨረሻ ሌላ ሰው መኪናውን አንድ ጊዜ ይዙረው፦ ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራት፣ የሣጥን በሮች። ሞተሩ ከዚህ በፊት አይነሣ።

ደረጃ 12፦ ክረምት ሳይገባ

የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ውርጭ በአንድ ሌሊት ቧንቧ ይሰነጥቃል። የመጀመሪያው ውርጭ ሳይመጣ፦

1. ውኃ ማሞቂያውን አጥፉና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። የሙቅ ቧንቧ ከፍታችሁ ግፊቱን አስወጡ፤ ከዚያ ብቻ የታንኩን ማፍሰሻ ቡሽ ፍቱ። ሙቅ ሳለ የፈታ ሰው ይቃጠላል።

2. ታንከሮቹን ሁሉ ድፉ። የማሞቂያውን ማለፊያ ቫልቭ አዙሩ፣ አለበለዚያ 6 ጋሎን ፀረ በረዶ ለማሞቂያው ብቻ ይሄዳል።

3. የፓምፑን መምጠጫ ቱቦ በሮዝ ቀለም ያለው የአርቪ ፀረ በረዶ ውስጥ ክተቱ። ሁለት ወይም ሦስት ጋሎን ይበቃል። የሞተር ፀረ በረዶ መርዝ ነው፣ አትጠቀሙ።

4. ፓምፑን አብሩና እያንዳንዱን ቧንቧ፣ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም፣ ሮዝ እስኪሆን ክፈቱ። የሻወሩንና የውጩን ሻወር አትርሱ፤ ሁልጊዜ የሚረሳው የውጩ ነው። ሽንት ቤቱንም ረግጡ።

5. በየፍሳሹ ቀዳዳ አንድ ኩባያ አፍስሱ። ባትሪውን ሙሉና ንቀሉ። ጄኔሬተሩን ግን በወር አንዴ ለሁለት ሰዓት፣ ማሞቂያ ወይም ኤርኮንዲሽነር አስይዛችሁ አሠሩት። ሲቆም የቤንዚኑን ታንክ እዩ፤ ከሩብ በታች ከሆነ ጄኔሬተሩ ራሱ ነዳጅ አይስብም፣ ተበላሸ ብላችሁ መካኒክ አትጥሩ።